የትርንጎ ምረቃ

ማንደፍሮ ከተቀበረ ሁለት ሳምንት ሳይሞላው የትርንጎ ቤት የበር መብራት ከቢጫ ወደ አረንጓዴ ተለወጠ። ረፋድ ላይ ነው። ትርንጎ መሬት ላይ በተነጠፈ ፍራሽ፣ ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ ለቅሶ ሊደርሱ ከመጡ ሁለት ሴቶች ጋር ተቀምጣ ነበር። ከበሩ በላይ ያለው ዓይን መጀመሪያ አንድ አጭር ዜማ አሰማ። ቀጥሎ በዚያ ደስ በሚል የሴት ድምፁ፣ "እንኳን ደስ ያለዎት፣ ወይዘሮ ትርንጎ። ቤተሰብዎ ከድህነት ተመርቋል። የቤት ርክክቡ ቀን በቅርቡ ይነገርዎታል" አለ።

ከሴቶቹ አንዷ የዘገነችውን ንፍሮ ወደ ሳህኑ መለሰች። ሌላዋ ዓይኗን ከግድግዳው ወደ ምድጃው፣ ከምድጃው ወደ አልጋው ወሰደች፤ ሰው ሊለቀቅ ያለን ቤት የሚያየው እንደዚያ ነው። እንኳን ደስ ያለሽ ያላት የለም። በጥቁር ድንጋይ ሰፈር የምረቃ ወሬ የሰማ ሰው የሚለው "እግዜር ያጥናሽ" ነው፤ ትርንጎ ደግሞ ያንን ቃል ያን ሰሞን እስኪበቃት ሰምታዋለች።

ጥቁር ድንጋይ ከደብረ ብርሃን በስተምሥራቅ፣ የሱፍ ፋብሪካዎቹ ካለቁበት ሜዳ ላይ የተሠራ የወለል ሰፈር ነው። መንግሥት ድህነትን በይፋ የዘጋው በ2079 ዓ.ም. ነበር። ቀኑ ዛሬም በዓል ነው፤ ትምህርት ቤት ይዘጋል፣ ባንዲራ ይሰቀላል። ከዚያ ወዲህ ማንም ሰው ወለል ከተባለው የኑሮ ልክ በታች አይወርድም ተባለ፤ እውነትም አልወረደም። ይህን መካድ ግፍ ነው። የትርንጎ እናት በድሮው ዘመን ጾም ሲገባ ደስ ይላት ነበር፤ ቢያንስ ያኔ ላለመብላቱ ምክንያት አለው። ዛሬ ዱቄቱና ዘይቱ በየወሩ በር ላይ ይደርሳል። ቤቱ በብርድ ጊዜ ይሞቃል፣ የታመመውን ሐኪም ያየዋል። በረሃብ የሚሞት ሕፃን ትርንጎ አይታ አታውቅም። ወለል ጥሩ ነገር ነው፤ ለተኛበት ሰው። ጣጣው የሚመጣው ተነስቶ ልቁም ያለ ሰው ላይ ነው።

በየቤቱ፣ ከበሩ በላይ በውስጥ በኩል፣ ጡጫ የሚያህል ዓይን አለ፤ አንድ ብሌኑ ወደ ቤቱ፣ ሌላው ወደ ግቢው ያያል። ቤትና ግቢ ውስጥ ያለውን ሁሉ ይቆጥራል፤ አልጋውን፣ ወንበሩን፣ ድስቱን፣ የእህል ጆንያውን፣ ብርድ ልብሱን። ዕቃው ከተፈቀደው መስመር ትንሽ ካለፈ የወሩ ዱቄት በዚያው ልክ ይቀንሳል። ብዙ ካለፈና ከሰነበተ ቢጫው መብራት አረንጓዴ ይሆናል፤ ቤቱም ወረፋ ለሚጠብቅ ይሰጣል። ስለዚህ የጥቁር ድንጋይ ሰው ሁለተኛ አልጋ ሲያገኝ የመጀመሪያውን ያወጣል። ዶሮው ስትፈለፍል ጫጩቱን ለጎረቤት ያድላል፤ ጎረቤትም ፊቱን እያጨማደደ ይቀበላል። ልጆች ሲጣሉ "አባትህ ሀብታም ነው" ይባባላሉ። ከዚያ ወዲያ ድንጋይ መወራወር ነው።

አደባባዩ ላይ ሰሌዳ ተተክሏል። ሁለት ቁጥር ያሳያል፤ አንደኛው ከወለል በታች የወረደውን ሰው ብዛት፣ ሁለተኛው በሰፈሩ ሰው መካከል ያለውን የኑሮ ልዩነት። ሁለቱም ዜሮ እንደሆኑ ኖረዋል። ከሰሌዳው ጀርባ ያለው ኮረብታ ላይ ደግሞ ሰገነት የሚባሉት ፎቆች ይታያሉ። የወለልን ዱቄት የሚያስፈጩት፣ የወለልን ቤት የሚሠሩት፣ ዓይኑን ራሱን የሚተክሉት ሰዎች የሚኖሩት እዚያ ነው። የወለል በጀት በጨመረ ቁጥር ሰገነቱ ላይ ፎቅ ይጨመራል። የጥቁር ድንጋይ ሰው በጀት መጽደቁን የሚያውቀው ዜና ሰምቶ ሳይሆን ኮረብታው ላይ ክሬን ሲቆም አይቶ ነው። ሰገነት ቤቶች ውስጥ ዓይን የለም። ሰሌዳውም ኮረብታውን አይቆጥርም።

ማንደፍሮ ለዚያ ኮረብታ ድንጋይ ሲጠርብ የኖረ ሰው ነው። ከሥራ ሲመለስ የሱፍ ኮፍያውን ያወልቅና ዓይኑ ላይ ሊሰቅለው እጁን ይዘረጋ ነበር። ሊነካው አንድ ጣት ሲቀረው ደንገጥ ይልና "ይቅርታ ጌታዬ፣ ሚስማር መስለኸኝ" ብሎ ከጎን ያለው ሚስማር ላይ ይሰቅለዋል። ዓይን መሸፈን ያስቀጣል። ያችኑ አንዲት ቀልድ እስኪሞት ድረስ ቀለዳት፤ ትርንጎም "ይሄ ሰውዬ አንድ ቀን ያስለቅቀናል" እያለች እስኪሞት ድረስ ሳቀችላት። በመጨረሻ የጨረሰው የድንጋዩ አቧራ ነው። ኮፍያው አሁንም ሚስማሩ ላይ ተንጠልጥሏል፤ ትርንጎ በዚያ በኩል ስታልፍ ቀና አትልም።

ወለል ቀብርንም ይጨምራል። ሣጥን ይመጣል፣ ማሽን ይቆፍራል፣ ጸሎቱን ድምፅ ማጉያ ያነበዋል፤ ሁሉም ከምሳ በፊት ያልቃል። እንዲህ ከሆነ እድር ለምን ያስፈልጋል ተባለና የእድር ዕቃ ቤቶች ፈረሱ፣ እድርም ንብረት መያዙ ቀረ። የጥቁር ድንጋይ ሰው አልተከራከረም። ዕቃውን ግን ተካፈለው። አንዱ ቤት አንድ ብረት ድስት፣ ሌላው ሁለት አግዳሚ፣ አንዱ የድንኳኑን ሸራ፣ አንዱ ካስማውን ወሰደ። የማንንም ቤት ከመስመር በማያሳልፍ ልክ ነው። ሰው ሲሞት ማንም ማንንም ሳይጠራ ሁሉም ዕቃውን ተሸክሞ ወደ አንድ ግቢ ይመጣል፤ ሐዘንተኛ ከቀብር ሲመለስ ድንኳን ቆሞ፣ ንፍሮ ተቀቅሎ ይጠብቀዋል። ሠልስቱ ሲወጣ ዕቃው ወደየቤቱ ይበተናል። ዓይኑ እንግዳ ዕቃ የሚታገሠው እስከዚያው ነው።

የማንደፍሮ ድንኳን ግን በሠልስቱ አልተነሳም። እህቱ ዘርትሁን ሞያሌ ናት፤ የደቡቡን መንገድ ጎርፍ ቆርጦት መንገድ ላይ ቀረች። ወንድሟን ያልቀበረች እህት ይህን ሁሉ አገር አቋርጣ መጥታ ባዶ ግቢ ልታገኝ ነው? ይህን የሚፈቅድ ሰው በሰፈሩ አልነበረም። ሸራውን የሰጠው ሰው ልውሰድ አላለም፣ ድስቱን ያመጣችውም ድስቴን አላለችም። እንዲያውም የዘርትሁን መምጣት በዘገየ ቁጥር ሰው ባዶ እጁን መግባት እያፈረ አንዱ ጆንያ ባቄላ፣ ሌላው ብርድ ልብስ ጨመረበት። ዓይኑን ማንም አልረሳውም፤ ዞር ብሎ ያየው ግን የለም። ዘርትሁን በመጨረሻ ከበሩ ላይ ጮኻ ስትገባ የሚያቅፋት ሙሉ ድንኳን አገኘች። ትርንጎም እሷን ባየች ጊዜ ልቧ ትንሽ ረጋ። ያንኑ ዕለት ረፋድ ላይ ግን ዓይኑ የራሱን ሒሳብ ጨርሶ ነበር፤ ባለ ብዙ አግዳሚ፣ ባለ ስድስት ብረት ድስት፣ ምግቧ ለመቶ ሰው የሚበቃ አንዲት ባለጸጋ ሴት።

በማግስቱ አስመራቂው መጣ። አስመራቂ ማለት የተመረቀን ሰው ከቤቱ አውጥቶ የሚሸኝ ሹም ነው። ስሙ ናሁሠናይ ይባላል፤ የዚሁ ሰፈር ልጅ ነው። እናቱ ሥራ ስትውል እሱ የሚውለው ትርንጎ ቤት ነበር፤ ንፍጡን ስትጠርግለት ያደገ ልጅ ነው። ዓይኑ ስለሚሰማ ግን "እርስዎ" አላት። ርክክቡ ቅዳሜ እንደሆነ፣ አደባባይ ላይ ሜዳሊያ እንደሚደረግላት፣ ከፈለገች ሁለት ቃል ተናግራ ማመስገን እንደምትችል ነገራት። ይህን ሁሉ ሲናገር የሚያየው ሜዳሊያዋ የምታርፍበትን ቦታ ሳይሆን ጫማውን ነው።

ትርንጎ ዕቃው የእሷ እንዳልሆነ ነገረችው። እሱም እንደሚያውቅ ነገራት። ልጅ ሳለ ከነዚሁ አግዳሚዎች ላይ ወድቆ ግንባሩን ተፈንክቷል፤ ጠባሳው አሁንም አለ።

"የማን ነው ታዲያ?" አላት።

"የእድሩ።"

"እድር በመዝገብ የለም። የሌለ ነገር ድስት ሊኖረው አይችልም፣ ወይዘሮ ትርንጎ። ዓይኑ ባለቤት ይፈልጋል። አንድ ስም ይጥሩ፤ አረንጓዴው ወደዚያ ሰው ይዛወራል፣ እርስዎም ቤትዎ ይቀመጣሉ።"

ከዚያ በሩን ጠቆም አድርጎ ወደ ውጭ ይዟት ወጣ። ዓይኑ የማያይበት፣ የማይሰማበት የጓሮ ግድግዳ ጥግ ሲደርሱ ሹምነቱ ከላዩ ወረደ። "እትዬ" አላት፣ "መሃል ላይ ሆነሽ ነው የተጎዳሽው። ከታች ብትሆኚ ወለል ይይዝሽ ነበር። እላይ ብትሆኚ ደግሞ ማንም አይነካሽም።" እንደነገራት፣ የመጀመሪያዎቹ የወለል ቤቶች ሲታደሉ አንዳንድ ትልልቅ ሰዎች ዘመዶቻቸውን አስገብተው ነበር፤ ዘመዶቹም ዓይን በመኝታ ቤታችን አያፈጥም ብለው ተቆጡ። ለእነሱ ሲባል ደንብ ወጣ። የአንድ ቤት ዕቃ ሀብታም የሚያሰኘውን የሰገነት መስመር ካለፈ ዓይኑ ራሱን ይዘጋል፣ ቤቱም የነዋሪው ይሆናል። ደንቡን እስከ ዛሬ የሻረው የለም። ለሀብታም ደግሞ ዓይን ቀን አይጠብቅም፤ ወዲያው ነው። ናሁሠናይ ይህን የነገራት ሊያጽናናት ፈልጎ ነው፤ ዕድል ስላልቀናት እንጂ ጥፋቱ የእሷ እንዳልሆነ እንድታውቅ። ሌላ ነገር አላሰበም። እሷም ለጊዜው አላሰበችም።

ያሰበችው ብርቄን ነው። ብርቄ የታችኛው መንደር ሴት ነበረች። ልጇ ከሄደበት አገር ሁለት አልጋና የልብስ ስፌት መኪና ልኮላት ተመረቀች። አሁን አውራ ጎዳናው ዳር፣ ከጭነት መኪና በወረደ አሮጌ ኮንቴይነር ውስጥ ትኖራለች። አልጋዎቹን በመጀመሪያው ክረምት አንድዳቸዋለች። እሷን የሚቆጥር ዓይን ስለሌለ ሰሌዳው ላይ የለችም፤ ሰሌዳው ላይ ስለሌለች ድሃ አይደለችም። እንደ እሷ ያሉ ምሩቃን ጎዳናውን ይዘው እስከ ሸኖ ድረስ ተደርድረዋል። ትርንጎ ለብርቄ ባለፈው ጊዜ ያደረሰችላት ሹራብ ትዝ አላትና ለእሷስ ማን እንደሚያደርስላት ራሷን ጠየቀች።

በነጋታው የእድሩ ዳኛ ጋሽ ተክለወልድ መጡ። እድሩ በመዝገብ ባይኖርም ዳኛው አሉ። ሽማግሌ ናቸው፤ ብቻቸውን ነው የሚኖሩት፤ ጉልበታቸው ስለማይታጠፍ አግዳሚው ጫፍ ላይ እግራቸውን ዘርግተው ነው የሚቀመጡት። ብዙ አላወሩም። ዘርትሁንን አጽናኑ፣ ስለ ዝናቡ አነሱ፣ ከዚያ ወደ ትርንጎ ዞሩ።

"ዕቃው በእኔ ስም ነው በያቸው" አሏት። "እኔ የቀረኝ ዕድሜ ቤት የሚያስፈልገው አይደለም።"

ትርንጎ ተናደደች። ማንደፍሮ ከሞተ ጀምሮ አልቅሳ እንጂ ተናድዳ አታውቅም ነበር። እኚህ ሰው የባሏን ሣጥን በዚያ ጉልበታቸው ተሸክመዋል፣ ማሽኑ ይግፋው ቢባሉ አሻፈረኝ ብለው። እሳቸውን ኮንቴይነር ውስጥ አስገብታ እሷ በሞቀ ቤት ልትተኛ ነው።

"ጋሼ" አለች፣ "የእርስዎን ስም ጠርቼ እዚህ ቤት ካደርኩ ማንደፍሮ ከመቃብሩ ተነስቶ ይፈታኛል።"

ዘርትሁን ሳታስበው ሳቅ አመለጣት። ሽማግሌውም ሳቁ። ትርንጎ ግን አልሳቀችም፤ ተነስታ ወጣች።

እግሯ ወደ አደባባዩ ወሰዳት። ልጆች ሰሌዳውን ከበው ቆመዋል። የላይኛው ቁጥር እንደ ወትሮው ዜሮ ነው። የታችኛው ግን ተነስቷል፤ ልጆቹ ከተወለዱ ጀምሮ ዜሮ ያልሆነ ቁጥር እዚያ ላይ አይተው አያውቁም። አንዱ ለሌላው በሰፈራችን ሀብታም ገብቷል እያለ ያስረዳዋል። ሀብታሙ ማን ነው ሲለው በአገጩ ወደ ትርንጎ ጠቆመ። ትርንጎ ጥቁር ልብሷን ቁልቁል አየች። ቀና ብላ ደግሞ ከሰሌዳው በላይ ኮረብታውን፣ ባሏ የጠረበውን ነጭ ድንጋይ አየች። ናሁሠናይ ጓሮ ውስጥ የነገራት ያኔ ተመልሶ መጣላት። እዚያው ቆማ፣ ከቀብሩ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ሳቀች።

ዓርብ ከሰዓት በኋላ ድንኳኑ ሞልቶ ነበር። ሰው የመጣው ሊሰናበታት ነው። ሴቶቹ ለመንገድ የሚሆን ዳቦ ቆሎ ይዘዋል። ትርንጎ ከፍራሿ ተነስታ ቆመች፤ ሐዘንተኛ ቆሞ ሲናገር ያልተለመደ ነውና ወሬው ሁሉ ጸጥ አለ። ድንኳኑ ከቤቱ ራቅ ብሎ ስለተተከለ ዓይኑ እዚያ ድረስ ያያል እንጂ አይሰማም።

"ስም ጥሪ ተብያለሁ" አለች። "የማንንም ስም አልጠራም። የእኔ ነው እላለሁ። ግን ትንሽ ነው። ሰው ሀብታም ነኝ ካለ አይቀር ደህና አድርጎ መሆን አለበት። ቤታችሁ ያለውን ሁሉ አምጡልኝ። አልጋውን፣ ድስቱን፣ ብርድ ልብሱን፣ ዱቄቱን። ቤታችሁን ጠርጋችሁ አምጡልኝ።"

ከዚያ ናሁሠናይ የነገራትን ደንብ ነገረቻቸው። የሚያስከትለውንም አልደበቀችም። ዕቃው ወደ እሷ ሲመጣ የእነሱ ቤት ባዶ ይሆናል፤ ባዶ ቤት ደግሞ ከወለል በታች ነው። ለእሱም ዓይን ቀን አይጠብቅም። የቤቱ ቢጫ መብራት ወዲያው ቀይ ይሆናል፣ ሰሌዳውም ወዲያው ይቆጥራል። ቀይ መብራት ከ2079 ወዲህ የትም ቦታ በርቶ አያውቅም።

ብዙ ሰው አጉረመረመ። ውብሸት የሚባል የአራት ልጆች አባት ከኋላ ተነሳ። በክፋት የሚናገር ሰው አይደለም፤ ፈርቷል። ቀዩ ምን እንደሚያመጣ የሚያውቅ አለ ወይ ብሎ ጠየቀ። ዱቄቱ ቢቀርስ? ልጆቹን ይዞ የት ይሄዳል? ትርንጎ እንደማታውቅ ነገረችው። የምታውቀው የሚቀጥለው ሰው ሲሞት የሚሆነውን ነው። የሚቀጥለው ሐዘንተኛ ድንኳኑን በሠልስቱ ይነቅላል፤ ከዚያ በኋላ ያለው ጨርሶ አይተክልም፤ ሰውም ድስቱን ቤቱ ሸሽጎ በማሽን እየተቀበረ ይኖራል። ውብሸት ዞሮ ወጣ። ሌሎችም ተከተሉት። ዳቦ ቆሎው አግዳሚው ላይ ቀረ፤ ትርንጎና ዘርትሁን በቁና ሰብስበው አስገቡት።

ቅዳሜ ጠዋት ጉም ሜዳውን ሸፍኖት ነበር። ትርንጎ ልብሷን በሻንጣ ከታ ደጃፉ ላይ ቆመች። የሚመጣ ሰው አለ ብላ አልጠበቀችም፤ አለ ብሎ መጠበቅም እንደሚያሳፍር ነገር ሆኖባት ነበር። ከጉሙ ውስጥ አራት እግር ያለው ነገር ሲመጣ መጀመሪያ ፈረስ መሰላት። ውብሸት ነው፤ አልጋውን በጀርባው ተሸክሞታል። ከኋላው ሚስቱ ፍራሹን በራሷ ላይ አድርጋለች፣ ልጆቹ ደግሞ በየዕድሜያቸው ልክ ድስትና ጣሳ ይዘዋል።

"የት ላድርገው?" ብቻ አላት።

ከዚያ በኋላ ሰፈሩ እንደ ጎርፍ መጣ። አልጋ በአልጋ ላይ ተደረደረ። ቁም ሣጥን፣ ረከቦት፣ የዱቄት ጆንያ፣ የሕፃን ማዘያ፣ አንዲት አሮጊት ለገነዟ ያስቀመጠችው አዲስ ጋቢ ሳይቀር ገባ። ጋሽ ተክለወልድ ሌላ ዕቃ ስለሌላቸው ከዘራቸውን ሰጥተው በሰው ትከሻ ተደግፈው ቆሙ። ግቢው ሲሞላ ቤቱን፣ ቤቱ ሲሞላ ጓሮውን ያዙት። ሸራው ተዘርግቶ፣ አግዳሚዎቹ ተደርድረው፣ ከብረት ድስቶቹ ስር እሳት ነደደ። ሰው ሁሉ ጉም ውስጥ ዞር ብሎ ቤቱን ሲያይ ቢጫ የነበረው መብራት ቀይ ሆኖ ጠበቀው። አንድ በአንድ፣ ከታችኛው መንደር እስከ ላይኛው፣ በየበሩ ቀላ። ልጆቹ አደባባይ ቆመው የሰሌዳውን የላይኛውን ቁጥር እየተከተሉ ጮክ ብለው ይጠሩ ነበር፤ የታችኛው ከሰሌዳው አልፎ ሄዶ መነበብ አቁሟል።

ናሁሠናይ ሜዳሊያውን በሣጥን ይዞ ደረሰ። አብረውት የመጡት ዕቃ የሚያወጡ ሰዎች ከግቢው በር ላይ ቆሙ፤ የሚወጣ ዕቃ የጠበቁት ትንሽ ነበር። ስልኩ ያለማቋረጥ ይጮኻል። ድንኳኑን፣ አግዳሚው ላይ የተቀመጠውን ሕዝብ፣ የሚንተከተከውን ንፍሮ አየ። የሰፈሩ ልጅ ነውና ከአፉ የወጣው ከሹመቱ በፊት የተማረው ነገር ነው።

"ማን ሞቶ ነው?"

"ማንም አልሞተም" አለች ትርንጎ ከቤቷ ደጃፍ ላይ ሆና። "ማንም እንዳይሞት ነው። ተቀመጥ።"

አልተቀመጠም፤ ወደ ደጃፉ ቀረበ። ዕቃው ወደየቤቱ እንዲመለስ ለመናት። ከወለል በታች ሰው ወረደ ተብሎ ከአዲስ አበባ እየደወሉ እንደሆነ፣ በዓሉ ሊደርስ ሲል እንዲህ ያለ ቁጥር ማንም ሊያቀርብ እንደማይችል፣ የፈለገችው ሁሉ እንደሚደረግላት ነገራት። ከልቡ ፈርቷል። ዓይኑ እየሰማ "አንቺ" ማለቱንም አላስተዋለም።

"ባለቤት ይፈለጋል ብለኸኝ አልነበር?" አለችው። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። "ይኸው ስም ልስጥህ። ትርንጎ ነኝ፣ የማንደፍሮ ሚስት። አልጋው ሁሉ የእኔ ነው። ድስቱ የእኔ ነው። የጋሽ ተክለወልድ ከዘራ እንኳ የእኔ ነው። እነዚህ ሰዎች ምንም የላቸውም። ምን ያስደነግጥሃል? ቀና በልና ኮረብታውን እየው። እኛ አዲስ ነገር አልፈጠርንም፤ አገሩን አሳንሰን እዚህ ግቢ ውስጥ አስቀመጥነው እንጂ።"

የናሁሠናይ እጅ ግንባሩ ላይ ወዳለው ጠባሳ ሄደ። ያኔ ከቤቱ ውስጥ ዜማ ተሰማ። ሰፈሩ የሚያውቀው የምረቃ ዜማ አይደለም፤ ለስለስ ያለ፣ ቀስ ያለ ነው። ትርንጎ በአልጋዎቹ መካከል ተሽሎክልካ ገባች፤ እሱም ተከተላት።

"ክብርት ሆይ" አለ ዓይኑ። ድምፁ እንደ ድሮው አይደለም፣ አጎንብሶ የሚናገር ሰው ይመስላል። "ቤትዎ ከዛሬ ጀምሮ የራስዎ ነው። እስከ አሁን ስለተመለከትንዎ ይቅርታ እንጠይቃለን።" ከዚያ ሽፋኑ ከላይ ወደ ታች ወረደና ተዘጋ። ከበሩ ላይ ያለው አረንጓዴ መብራትም ጠፋ።

ውጭ የተቀመጡት ሰዎች ዕቃ አሁን ማንም የማያይበት ቤት ውስጥ ነው፤ ነገ ማን ምን እንደወሰደ፣ ማን ሁለት አልጋ እንዳለው የሚቆጥር የለም። ቀዩ መብራት ግን በየበሩ እንደበራ ነው። ዱቄቱ ይመጣ እንደሆነ፣ ፖሊስ ይመጣ እንደሆነ የሚያውቅ አልነበረም። ውብሸት ልጁን ጭኑ ላይ አስቀምጦ በር በሩን ያያል።

የናሁሠናይ ስልክ እንደገና ጮኸ። አውጥቶ ማን እንደሆነ አየ። ከዚያ አግዳሚውን አየ። በዚህ ሰፈር ተወልዶ በድንኳን ደጃፍ ቆሞ የሚያልፍ ሰው የለም፤ ጠላት እንኳ ቢሆን ገብቶ ትንሽ ይቀመጣል። ስልኩን ሳያነሳ ኪሱ ከተተውና ወጥቶ ከጋሽ ተክለወልድ አጠገብ ተቀመጠ። ሽማግሌው ሳያዩት ጠጋ አሉለት፤ አንዲት ሴት በሳህን ንፍሮ አቀበለችው።

ትርንጎ ቤት ውስጥ ብቻዋን ቀረች። ሚስማሩን ሳትሸሽ ቀና ብላ አየችው። ኮፍያውን አወረደችና አቧራውን በእጇ አራገፈች፤ የድንጋይ አቧራ ነው፣ ጨርሶ የሚለቅ አይደለም። ከዚያ ተንጠራርታ የተዘጋው ዓይን ላይ ሰቀለችው።

"ይቅርታ ጌታዬ" አለችው። "ሚስማር መስለኸኝ።"